እናቴ የምትለኩስልኝ «መድኃኒት»

ወሬው የደረሰኝ ጅጅጋ፣ ግቢያችን ውስጥ የታጠበ ልብስ ሳሰጣ ነው። እናቴ ከሆሳዕና ደወለች። እናቴ ካልጮኸች ድምፅዋ ጅጅጋ የሚደርስ አይመስላትምና ሁልጊዜ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነው የማዳምጣት።

«የአክስትሽ ልጅ ሙኒራ ከሆስፒታል ወጣች!»

«አልሐምዱሊላህ! እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት ይላሉ። ፎንቆ ከተማ፣ እናቷ ጋ ናት። ግን...» እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ የምትፈራው ነገር አለ ማለት ነው። «ያንን ነገር ይዛ መጥታለች።»

«የቱን ነገር?»

«ያንን ነዋ! የጭሱን። አክስትሽም እየገዛች ትሰጣታለች። ተይ እንጂ ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ዘይነባንስ ያዳናት እሱ አይደለም እንዴ?›»

ዘይነባ እኔ ነኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያሰጣሁትን እርጥብ ልብስ አንድ በአንድ ከገመዱ ማውረድ ጀመርኩ። ለምን እንደማወርደው እኔም አላውቅም ነበር።

ስለ ሕመሜ እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ሁሉንም ነግሬው ያውቃል፤ ከእሱ ሌላ እዚህ ጅጅጋ የሚያውቅ የለም። በእኛ አካባቢ የአእምሮ ሕመም ቤተሰብ የሚሸሽገው ነገር ነው። ሴት ልጅ ማጨሷማ ጭራሽ አይነገርም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ስል ግን ሌሎች ታሪኬን በራሳቸው መንገድ ጨርሰውታል፤ «ሲጋራ አዳናት» ብለዋል። ሙኒራ በዚያ ታሪክ ምክንያት እያጨሰች ከሆነ፣ እውነተኛውን መናገር የእኔ ግዴታ ነው። አላህ ቃሌን ያቅናልኝ።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ሆሳዕና፣ አባቴ ትቶልን ባለፈው የጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ተወኝ። ቀጥሎ ደንበኞቼ ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው አልሄድ አለ። ሱቁን ቆልፌ ቤት ገብቼ እራት ስበላ፣ ቀን የተከራከረችኝ ሴትዮ አሁንም «አንቺ ሌባ፣ ለካሽልኝ እንጂ መቼ ሸጥሽልኝ» እያለች ታወራለች። እመልስላታለሁ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ታየኛለች።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ታይፎይድ አለኝ። መርፌውን ጨረስኩ። ሁለተኛው ጨጓራ አለኝ፤ በርበሬ ተውኩ። ዘመድ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠረና ቁርኣን ተቀራልኝ። በዚህ አላፍርም፤ ልቤን አሳርፎታል፣ ዛሬም ያሳርፈዋል። ድምፆቹ ግን አልቆሙም። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የራሴን ሻሽ ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብሪት ከእጄ እንዲርቅ ቤተሰቡ ወሰነ። ወንድሜ ከድር በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል የሚሠራባትን ሚኒባስ ሸጦ አዲስ አበባ ወስዶ አሳከመኝ። ሲመለስ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። አንድ ቀን እንኳ ይህን አንስቶብኝ አያውቅም።

አዲስ አበባ በተኛሁበት ሆስፒታል የሕመሙን ስም ነገሩን፤ ስኪዞፍሬኒያ። ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማ፣ ያልተደረገውን እንዲያምን የሚያደርግ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው፣ ግን መድኃኒት አለው አሉን። አጎራባች አልጋ ላይ ያለችው ሴት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሲጋራ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ። ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሳይፈራኝ አጠገቤ ተቀምጦ የሰጠኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ማጨስ ስለማላውቅ አሳለኝ፣ እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። መሳቄን ያየች አስታማሚ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አለፈች። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ስወጣ ከድር አንዱን ነርስ በር ላይ ይዞ «ሲጋራውንስ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀው። ነርሱ እየተጣደፈ ነበር። «ለጊዜው ተዋት፣ ያረጋጋታል» ብሎት ሄደ። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና እስክንደርስ ይህች ንግግር አደገች። ከእናቴ ጆሮ ስትደርስ «ሐኪሙ ሲጋራ አዞላታል» ሆና ነበር።

እናቴ በሕይወቷ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። የሚያጨስ እንግዳ ቤታችን ቢመጣ፣ ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ምንጣፍ አውጥታ የምታራግፍ ሴት ናት። ሐኪም ካዘዘ ግን አዘዘ ነው። ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ትሰጠኛለች፤ ሲጋራውንም እንዲሁ። በንጹህ መሐረብ ጠቅልላ ታመጣዋለች። «ቢስሚ...» ብላ ትጀምርና መሃል ላይ ታቆማለች፤ በሲጋራ ላይ ይባላል አይባልም አታውቅማ። ከዚያ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ሁለት የመቀመጫ ዱካ ታስቀምጣለች። እጄ ከመድኃኒቱ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክብሪቱን የምትጭረው እሷ ናት። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስክጨርስ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ጎረቤታችን ታደለች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ፣ ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች።

«ሩቂያ! ጓሮሽ ይጨሳል፣ እንሰቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ደረቅ ቅጠል እያቃጠልኩ ነው!»

«በየቀኑ? ከየምግቡ በኋላ?»

«ብዙ ቅጠል ነው ያለው!»

እኔና እናቴ አፋችንን ይዘን እንስቃለን። ይህን ስጽፍም እየሳቅሁ ነው። ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ኪኒኑ እንደሚጠበቀው አልሠራ አለ። በቀጠሮዬ ሆሳዕና ሆስፒታል ስሄድ መጠኑን ይጨምሩልኛል፤ ለጥቂት ቀን ደኅና እሆናለሁ፤ ድምፁ ይመለሳል። ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ሌሎች ሰዎች ከእኛ ወንበር ተነሥተው ሌላ ቦታ ይቆማሉ። ከሕንፃው ጀርባ ግን የሚያጨሱ ሕመምተኞች አሉ፤ እዚያ ስሄድ «ነይ፣ ቁጭ በይ» ይሉኛል። ሌላ «ቁጭ በይ» የሚለኝ አልነበረም። ቤትም ቢሆን ሰው ሁሉ ሥራ አለው፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ሲጋራው ሲለኮስ ብቻ ነው። ሰው የምናፍቀውን ያህል ሲጋራውን ናፈቅሁ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ረመዳን ገባ። እኔ በሕመሜ ምክንያት አልጾምም። እናቴ እየጾመች፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ቀትር ላይ እኔን ምሳ አብልታ፣ ኪኒን አውጥታ፣ እንሰቱ ውስጥ ክብሪት ትጭራለች። ጭሱ ፊቷ ላይ ይመጣል። ትንፋሿን ይዛ ዞር ትላለች፣ ታስላለች፣ ትጨነቃለች። አንድ ቀን አልቻለችም። እጄን ይዛ ወደ መስጂዱ ወሰደችኝና ሼኹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲወጡ በሴቶቹ በር በኩል ጠበቀቻቸው።

«ሼኽዬ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለዚች ልጄ መድኃኒቷን ስለኩስላት ጭሱ በአፍንጫዬ ይገባል። ጾሜ ይበላሻል ወይ?»

ሼኹ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። ቀና አሉ።

«የሚለኮስ መድኃኒት?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ነው?»

እናቴ ዙሪያዋን አየችና «ሲጋራ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ይቆጣሉ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። አልተቆጡም። «ጾምሽስ አይበላሽም፤ ፈልገሽ የሳብሽው ጭስ አይደለም። የከበደኝ የልጅቱ ነገር ነው። ማን ነው ያዘዘው?» አሉ።

«ሐኪም።»

«አንቺ ከአፉ ሰምተሻል?»

«ከድር ነው የሰማው።»

«እንግዲያው ይህን እኔን አትጠይቂኝ። ሂጂና ሐኪሙን ጠይቂው፤ ዛሬውኑ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዘይነባ፣ ደኅና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። በስሜ ጠርቶ ደኅና ነሽ ወይ ያለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ሆስፒታል ስንሄድ ከድርም መጣ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እናቴ ወንበሩ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና እንደ ክስ አቀረበችው።

«ይኸን ሲጋራ ያዘዛችሁት እስከ መቼ ነው? ጾም ላይ ከበደኝ።»

ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች። የእናቴን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ። «እናት፣ ሲጋራ የሚያዝ ሐኪም የለም።»

እናቴ ወደ ከድር ዞረች። ስትቆጣ በአማርኛ ነው፣ ስታባብል በሀድይኛ፤ በአማርኛ ጀመረች።

«አንተ! ‹አዟል› አላልከኝም?»

«‹ተዋት› ነው ያለኝ፣ እማዬ...»

«ተዋትና አዟል አንድ ነው? በጾሜ ክብሪት ስጭር አይተኸኝ ዝም!»

ሐኪሟ ካረጋጋቻቸው በኋላ የሚገባንን ያህል አስረዳችን። የትምባሆ ጭስ እኔ የምወስደውን ዓይነት ኪኒን ሰውነት ቶሎ እንዲያስወጣው ያደርጋል፤ ለዚህ ነው መጠኑ ቢጨመርም ያልሠራው። ማቆም ይቻላል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትም ሰው ያቆማል። ግን ለብቻ አይደለም፣ በድንገትና በድብቅም አይደለም። ሲጋራው ሲቆም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይበረታልና መጠኑን እነሱ እያዩ ይቀንሱታል። ይህን የምታነቡ ሕመምተኞች ካላችሁ ይህቺን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ስታቆሙ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ መድኃኒታችሁን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ቀጥላ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች እናቴ።

ከድር ጣራ ጣራ አየ።

«ከድር?»

ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«አንተም ታዞልህ ነው?»

ሐኪሟ ራሷ ወረቀቷን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ ሲጋራ ሳልይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነበር።

መቀነሱ ተጀመረ። የከበደኝ ሱሱ ብቻ አይደለም። መናደድ፣ ማላብ፣ እጄን የማደርግበት ማጣት፣ ይህ ሁሉ ነበረ። ከዚህ ይልቅ የፈራሁት ምሳ በልቼ ኪኒን ውጬ ከጨረስኩ በኋላ የሚመጣውን ሰዓት ነው። ሲጋራው ከሌለ እናቴ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ እኔና ድምፆቹ እንቀራለን። የመጀመሪያው ቀን ምሳ በላሁ። ኪኒኑን ሰጠችኝ። ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ልገባ ስል ጓሮ ዱካ ሲጎተት ሰማሁ። እናቴ እንሰቱ ውስጥ ሁለቱን ዱካዎች እንደ ወትሮው አስቀምጣለች።

«እማዬ፣ ቀርቷል እኮ።»

«ሲጋራው ነው እንጂ የቀረው መቀመጡ ቀርቷል ያለ ማን ነው? ነይ» አለችኝ፣ በሀድይኛ።

ተቀመጥኩ። ስለ ምንም አላወራንም። የእንሰት ቅጠል እየተቀደደ ሲወዛወዝ አየን። ስነሣ ድምፆቹ ነበሩ፤ ግን እንደ ሩቅ ገበያ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ታደለች ከአጥሩ ማዶ ተጣራች።

«ሩቂያ! ቅጠሉ አለቀ እንዴ?»

እናቴ አየችኝ። እኔ ራሴ መለስኩ። «አለቀ፣ እታለም! ሲጋራ ነበር፣ ተውኩት!»

ትንሽ ቆይቶ ታደለች በበሩ ዞራ፣ የሚጠለፍ ዳንቴል ይዛ ገባች። «ጭሱን ካወቅሁት ቆየሁ፤ እስክትነግሩኝ ነው የጠበቅሁት» አለች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ገበያ ስትሄድ እሷ ትተካለች። እሷ በየሱስ ስም ትጸልይልኛለች፣ እኔ ዱዓ አደርግላታለሁ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በዳንቴሉ ነው፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ያበላሸሁትን ትፈታና እንደገና ታሠራኛለች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ይህ አበባ ነው ድንች?» ትለኛለች።

ከድርም ውጭ አጭሶ ሲመጣ ጃኬቱን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ ነው የሚገባው። ፓኬት ቤት ማስገባቱን ተወ። እሱ ዛሬም ጨርሶ አላቆመም፤ አልዋሽለትም።

አንድ ጊዜ ተመልሼ ወድቄአለሁ። ዘመድ ልንጠይቅ ከከድር ጋር ዱራሜ ሄደን፣ ለስላሳ ሊገዛ ሲሄድ መናኸሪያው ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሁለት ሾፌሮች አዩኝ። አንዱ «የከድር እህት ናት፣ ያቺ ሕመምተኛዋ» አለ። ሌላው «ምስኪን! አንድ ልስጣት፣ ትረጋጋ» ብሎ ለኩሶ ዘረጋልኝ። ተረጋግቼ ነበር። ውኃ ከመጠማቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ግን ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ተቀበልኩ። ለእኛ ዓይነት ሰው ሲጋራ እንደ ምጽዋት ነው የሚሰጠው፤ ሰጪውም ዋጋ አገኘሁ ብሎ ነው የሚሄደው። ያንን ሰው አልጠላውም። ደግነቱን እንዴት እንደሚያደርገው የነገረው የለም።

ከድር ጠርሙሶቹን ይዞ ሲመለስ አየኝ። ወደ ሾፌሩ ሄዶ «ወንድሜ፣ እህቴን ሰላም በላት እንጂ ሲጋራ አትስጣት» አለው። ሾፌሩ አፍሮ መጣና ጨበጠኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ ስምሽ ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። ጣቴ ድረስ የነደደው ሲጋራ እጄ ላይ እያለ ተዋወቅን።

ያን ሰሞን ክፉ ሆነ። ሱሱ እንደ አዲስ ያዘኝ፣ ድምፁም በረታ። ዘመዶች «መልሱላት፣ በሱ ነበር ደኅና የነበረችው» አሉ። አክስቴ አንዷ ነበረች። አንድ ሌሊት እናቴ መሐረቧን አውጥታ ስትፈታ አየሁ፤ ውስጡ አንዲት ሲጋራ ነበረች፣ «ምናልባት ቢከፋባት» ብላ ያስቀረቻት። ብዙ አየቻት። እኔም አየኋት። ከዚያ ሽንት ቤት ወስዳ ጣለቻትና መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የንጋቱ የሱብሒ አዛን እስኪል አልተነሣችም። ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄድን፤ መጠኑ ተስተካከለ። ቀስ እያለ ድምፁ ሳሳ። ከዚያ ወዲህ አላጨስኩም፣ አልሐምዱሊላህ። ኪኒኔን ዛሬም እወስዳለሁ፤ ከበፊቱ ባነሰ መጠን። በሚቀጥለው ረመዳን ሐኪሟ ፈቅዳልኝ ጥቂት ቀን ጾምኩ። ካገባሁ በኋላ ነው ወደ ጅጅጋ የመጣሁት።

አክስቴን አልቆጣም። ያየችው ይህንን ብቻ ነው፤ ዘይነባ ታማ ነበር፣ ታጨስ ነበር፣ ዳነች። መሃሉን አላየችም። መሃሉን ያያችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የምጠይቀው እናንተን ነው።

እማዬ፣ ፎንቆ ሂጂልኝ። አክስቴን በስልክ አትጩኺባት። ቤቷ ገብተሽ «የምለኩስላት እኔ ነበርኩ፣ ያዳናት ግን እሱ አይደለም» በያት፤ ከአንቺ ከሰማች ታምናለች። ሙኒራን ለሐኪሟ ሳትናገሩ በአንድ ቀን አታስቁሟት። ከድር፣ አንተ ንዳላቸው፤ ስትደርስ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ያለውን መኪና ውስጥ ተወው። ታደለች እታለም፣ ዳንቴሉን ያዢ። ሼኽዬ፣ መንገድዎ በዚያ ቢሆን ሙኒራን በስሟ ይጥሩልኝ።

ስትገቡ ሙኒራ መጀመሪያ የምታየው እጃችሁን ነው፤ ምን ይዛችሁላት እንደመጣችሁ። ምንም አለመያዛችሁን ስታይ ፊቷን ታዞርባችሁ ይሆናል፣ ልትሰድባችሁም ትችላለች። እኔም አድርጌዋለሁ። አትቀየሟት። ዱካ ስባችሁ አጠገቧ ተቀመጡ፤ እባካችሁ፣ ቶሎ አትነሡ።